የማስተማሪያ መሣሪያና የተማሪ ጥያቄ፤ በደሴና በኮምቦልቻ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከሉህ እስከ ስልክ ድረስ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ መምህርና ተማሪ የተገናኙባቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ቈጥሮ ለመጨረስ አይደለም። ይህን ለማድረግ ጊዜውም ገጹም አይበቃም። ጸሐፊው የሚመረምረው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ይኸውም ተማሪው ያልገባው ነገር በገጠመው ጊዜ ትምህርቱን አቁሞ ለመጠየቅ ይችላል ወይስ አይችልም የምትለው ናት። ስለ ትምህርትና ስለ ቴክኖሎጂ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የመሣሪያው አዲስነት፣ ዋጋውና ብዛቱ ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ እንደ ገና ተማሪ ከሆንሁ ወዲህ፣ ከእነዚህ ሁሉ ይህች ጥያቄ እንደምትቀድም ተረድቻለሁ። እንዴት እንደ ተረዳሁትም የራሴን ጥፋት ጨምሬ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል ልበል። ደሴ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ጉሟና ብርዷ የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰው የሚደርሱባት፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሞቃት የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ጋቢውን በክንዱ ይይዘዋል። እኔ ያስተማርኋቸው ተማሪዎችም በሁለቱ ከተሞች እንደዚሁ ይለያዩ ነበር፤ የደሴዎቹ ብዙዎቹ ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ የቀን ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የኮምቦልቻዎቹ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥተው በማታ የሚማሩ ነበሩ።

ሉህ

ወሎ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ የትምህርት አገር ነበር። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ፣ መጻሕፍትም ያስጽፉ ነበር። በእስልምናም በኩል እነ ጀማ ንጉሥ፣ እነ ዳና፣ እነ ጌታ ከሩቅ አገር ሳይቀር ደረሳ የሚጐርፍባቸው የዒልም ቦታዎች ነበሩ።

በቁርኣን ቤት የሕፃኑ መማሪያ ሉህ ነው። ሉህ ከእንጨት ተጠርቦ የለሰለሰ ሰሌዳ ሲሆን፣ ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ መጻፊያው ከመቃ ይቀረጻል። ልጁ የዕለት ድርሻውን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ወይም ይጻፍለታል። ከዚያ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ ሲይዘውም በሼሁ ፊት ያሰማል። ሼሁ ከተቀበሉት ሰሌዳው ታጥቦ ለሚቀጥለው ድርሻ ይዘጋጃል። ካልተቀበሉት ግን አይታጠብም፤ ያው ጽሑፍ ነገም ከነገ ወዲያም ይጠብቀዋል። በአንድ ጥላ ሥር ሃያ ልጅ ቢቀመጥ ሃያውም በልዩ ልዩ ቦታ ላይ ነው። እንግዳ ሰው ከውጭ ሆኖ ጫጫታውን ሲሰማ ሥርዓት የሌለው ይመስለዋል፤ ሼሁ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዱ ልጅ የሳታትን ፊደል ለይተው ያርማሉ።

የቤተ ክርስቲያኑም ተማሪ እንዲሁ ነው። ፊደል ቈጥሮ ወደ ንባብ ሲገባ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የኔታ ሳያሳልፉት ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በሁለቱም ወገን ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል። መምህሩ አንድ ሆነው ብዙ ልጅ ለማዳረስ የቻሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ሳነሣ ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ቃሉን እየያዙ ምሥጢሩን ሳያውቁ ዓመታት ማሳለፍ ነበረ፤ አለንጋም ነበረ። ሴቶች ልጆች በብዛት ከደጅ ቀርተዋል። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሕፃንም ሁልጊዜ በደስታ አይታይም ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር በእርግጥ ነበረ፤ ትምህርቱ ልጁን ጥሎት አይሄድም። ልጁ ሲቆም ትምህርቱም አብሮት ይቆማል፤ መቆሙንም መምህሩ ያውቁታል።

ሌላም የሚጠቀስ ነገር አለ። የወሎ ሼሆች ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብ ትምህርታቸውን ለማድረስ በፈለጉ ጊዜ፣ በዐረብ ፊደል አማርኛ እየጻፉ፣ በመንዙማ እያዜሙ አስተምረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በዚህ ዐይነት አጻጻፍ ከታወቁት አንዱ ናቸው። መጻሕፍቱ የሚገኙበትን ቋንቋ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁ ሊቃውንት ሳሉ፣ ለሰሚው ሲሉ ወደ ሰሚው ቋንቋ ወረዱ። ከዚህ ቀጥሎ ለሚነገረው ይህ ይታወስ።

ፕላዝማ

በ1997 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ባሉ ብዙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሕዝቡ ከመሣሪያው ስም ተነሥቶ «ፕላዝማ» አለው፤ ስሙም ጸና። እኔም ማስተማር የጀመርሁት በዚያው ዘመን በደሴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ የሳተላይት ሳሕን ይተከላል፤ በየክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሣጥን የተቈለፈ ሰፊ ቴሌቪዥን ይቀመጣል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ አስቀድሞ ተቀርጾ በተወሰነ ሰዓት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሞያሌ ያለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪና ደሴ ያለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰማሉ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነው፤ በክፍሉ ለቆመው አስተማሪ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለማስተዋወቂያ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለማጠቃለያ ይተዉለታል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው።

አሳቡ ክፉ አልነበረም። በዚያ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፍጥነት ይስፋፋ ስለ ነበር በሚገባ የሠለጠነ አስተማሪ አልበቃም። የአዲስ አበባው ተማሪና የወረዳው ተማሪ እኩል ትምህርት ያግኙ የሚለውም ምክንያት እውነተኛ ነበር። በእኛ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ላባና ብረት እኩል ሲወድቁ ያዩት በቴሌቪዥኑ ነው። እኔም ራሴ መጽሐፍ ላይ አንብቤው እንጂ በዐይኔ አላየሁትም ነበር። የዚያን ቀን ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ሲያይ አስታውሳለሁ።

ዳሩ ግን ቴሌቪዥኑ ይሮጣል። አንድ አሳብ ይናገርና ምሳሌ ያሳያል፤ ከዚያ «አሁን ይህን ሥሩ፤ ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ይልና ሰዓት ይቈጥራል። ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ፣ ክፍሉ ጨረሰ አልጨረሰ፣ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ስድስት ዓመት በአማርኛ ሳይንስ ሲማር የመጣ ልጅ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን መስማት፣ ቀጥሎ በልቡ መተርጐም፣ ከዚያ ማሰብ፣ ከዚያ መጻፍ ነበረበት። እርሱ መተርጐሙን ሳይጨርስ ሥዕሉ ተለውጧል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ይዞ ይጠፋል፤ ነገ የሚመጣው የነገው ነው እንጂ የትናንቱ አይደለም። የተማሪዎቹ ደብተር በግማሽ የቀሩ ዓረፍተ ነገሮች የሞሉበት ነበር። አስተማሪውም ቢሆን ቁልፍ ያዥ ሆነ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እኔ እኮ የሣጥኑ ዘበኛ ነኝ» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን አያስቅም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በ1999 ዓ.ም. ከኩታበር በኩል የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ሰኞ ሰኞ ስንቋን ተሸክማ በእግሯ ትመጣለች። ከኋላ መቀመጫ ሆና እጅዋን ታወጣለች። ትምህርቱ ወደ ላይ ስለ ተወረወረ ነገር በነበረ ቀን እንደ ልማዷ እጅዋን አወጣች፤ እኔም መዳፌን ዘርግቼ «ቆዪ፣ ሲያልቅ» አልኋት። በዚያች ደቂቃ እኔ ብናገር ስልሳው ልጅ ቴሌቪዥኑን አይሰማም። ሲያልቅ ደወል ተደወለ። በማግሥቱ ሌላ ትምህርት መጣ። ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ሆነ። ከጊዜ በኋላ እጅዋን ማውጣት ተወች፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ጸጥ በማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር። በአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ወደ መሰናዶ የሚያሳልፍ ውጤት አላገኘችም። ወዴት እንደ ሄደች አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ጥፋቱ የቴሌቪዥን ነው ማለት ነው?» ይል ይሆናል። አይደለም። በሜክሲኮ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴሌሴኩንዳሪያ የሚባል፣ ለገጠር ልጆች በቴሌቪዥን የሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አለ። በዚያ ግን ቴሌቪዥኑ የሚናገረው 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ የቀረው የሰዓቱ ክፍል የአስተማሪው፣ የመጽሐፉና የተማሪው ነው። ይህ ትምህርት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል። በአንጻሩ በአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች በ1964 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በቴሌቪዥን ለማድረግ ተሞክሮ ነበር፤ ከአስተማሪዎችና ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ተቃውሞ ስለ ተነሣ ቴሌቪዥኑ ከዐሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ረዳት ብቻ ወደ መሆን ተመለሰ። መሣሪያው አንድ ዐይነት ነው፤ ልዩነቱ ከሰዓቱ ውስጥ ለጥያቄ የተተወው ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የተተወው የደወሉ ደቂቃ ነበር።

ስልክ

ከዚያ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርሁ። የማታ ተማሪዎችን ማስተማር ልዩ ነገር ነው። ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ማታ ወንበር ሲያገኝ እንቅልፍ ይይዘዋል። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ስለ ነበሩ «አንተ» ለማለት እቸገር ነበር፤ እነርሱ ግን «ቲቸር» እያሉ ይነሡልኝ ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ጀመር፤ አስተማሪዎችም በቴሌግራም ጽሑፍና ፎቶግራፍ መላክ ያዙ። እኔ በመጀመሪያ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶግራፍ እያነሣሁ ላክሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ስለ ገባቸው ሳይሆን ስላላነበቡት ነበር። አንድ ቀን ለመጻፍ ሰንፌ፣ አንዱን የሒሳብ ጥያቄ በአማርኛ በድምፅ አስረዳሁና ላክሁት። በማግሥቱ ጠዋት ሰባት ጥያቄ መጥቶ አገኘሁ። አንዱ «ቲቸር፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያሉትን አራት ጊዜ ሰማሁት፤ አሁንም አልገባኝም» የሚል ነበር።

ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር። በሃምሳ ሰው ፊት «አራት ጊዜ ሰምቼ አልገባኝም» የሚል ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። ድምፁን ብቻውን ስለሚሰማው ሊያቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደ ጠፋበት በደቂቃ ቈጥሮ ሊነግረኝ ቻለ። ወጪውም ቀላል ነው። የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት አንድ ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ የዚያኑ ያህል ርዝመት ያለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብዙ እጥፍ ይፈጃል፤ ለካርድ ገንዘብ ለሚቈጥር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እርግጥ ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ነበር። አንዳንዱ የጎረቤት ስልክ ይለምናል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ቀረ። የቀሩት ከሁሉ ይልቅ ሊጠይቁ የሚገባቸው ነበሩ፤ ለዚህ ያገኘሁት መድኀኒት የለም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ገባ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስለ ትምህርት የሚያስብ አልነበረም። ስንመለስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፎና ተሰባብሮ ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። በማስተምርበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳው በግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ የማይነቀል ስለ ሆነ ይመስለኛል። ለጥቂት ወራት ያስተማርሁት በጠመኔ፣ በጠጠርና በገመድ ነው። ተማሪዎቹ በዚያን ጊዜ ከፊዚክስ ይልቅ ሌላ ነገር መናገር ይፈልጉ ነበር፤ ብዙውን ሰዓት የምንጀምረው ማን እንደ ተመለሰና ማን እንዳልተመለሰ በመጠያየቅ ነበር። ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሊጠይቁኝ የማይደፍሩ ልጆች ስለ ፊዚክሱም መጠየቅ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀጥሎም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ቴሌግራሙም አብሮ ጠፋ። ድምፆቹ ግን በስልኬ ላይ ነበሩና ከስልክ ወደ ስልክ በዘንደር እየተሻገሩ ሄዱ። ኮምቦልቻ ላይ ለሰው ስልክ ሚሞሪ የሚጭን አንድ ልጅ ነበር፤ ሱቁ ጠባብ ናት፤ ዘፈን፣ መንዙማ፣ መዝሙርና ፊልም በገንዘብ ይጭናል። ተማሪዎቼ የእኔን ድምፅ ሰጡት። በኋላ ሳልፍ ጠርቶ «ቲቸር፣ የእርስዎ በነጻ ነው የምጭነው፤ አብሽሩ» አለኝ። በኮምፒውተሩ ላይ ትምህርቱን ያስቀመጠው ከመንዙማው ቀጥሎ ነበር። ሼህ ጦልሃ ትዝ አሉኝ።

ከዚህ ታሪክ የማስተውለው፣ በዚህ አገር የሚጸና መሣሪያ መብራትና መረብ ሲጠፋ ከሰው እጅ የማይጠፋው መሆኑን ነው። ፕላዝማው በሰዓቱ ካላዩት የለም። ድምፁ ግን እንደ ሉህ ነው፤ ተማሪው እስኪይዘው ድረስ አይታጠብም።

የማይሰማ ጥያቄ

ይህን ስናገር የተማሪው ውድቀት ሁሉ ከመሣሪያ የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ለዚህ ጦርነቱም፣ ኮሮናውም፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ጥብቅ ሆኖ መሰጠቱም ድርሻ አላቸው። የፕላዝማው ዘመን ልጆችም አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ የተመረጡት በየዩኒቨርሲቲው የማካካሻ ትምህርት ገብተዋል፤ በዚያ የሚማሩ አንዳንድ ወጣቶችን ደሴ ላይ አነጋግሬአለሁ። የገረመኝ አለማወቃቸው ሳይሆን ዝምታቸው ነው። አንዱ «ጥያቄ ብጠይቅ ከስንተኛ ክፍል እንደምጀምር ግራ ገባኝ» አለኝ። ያልተጠየቀ ጥያቄ በላዩ ላይ ሌላ ሲደረብበት ዓመት በዓመት እንደሚከመር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቃል አላውቅም።

ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ተማሪው በስልኩ ይጽፍለታል፤ እርሱም ይመልሳል። ከላይ ባስቀመጥሁት መለኪያ ከተመዘነ ከፕላዝማው እጅግ ይሻላል፤ ያቆሙታል፣ ይደግማል፣ አይቈጣም፣ አያሳፍርም። ከእኔም ይሻላል የሚል ተማሪ አለኝ፤ በአንዳንድ ምሽት ልክ ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ መለኪያዬን እንዳርም አስገድዶኛል። አስቀድሜ ተማሪው መጠየቅ ከቻለ ይበቃል ብዬ ነበር። አሁን ግን ተማሪው ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ፣ እኔ ግን ምን እንደ ጠየቀ ሳላውቅ ወደ ክፍል እገባለሁ። ሼሁ ሰሌዳው ያልታጠበበትን ልጅ ያውቁ ነበር። እኔ የተማሪዬ ሰሌዳ ይታጠብ አይታጠብ አላይም። በተጨማሪም መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፤ መሠረት የሌለው ተማሪ ስሕተቱን አይለይም። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ የማደርገው ይህን ነው፤ ተማሪዎቼ ከስልኩ ያገኙትን መልስ ሳይሆን የጠየቁትን ጥያቄ በወረቀት ጽፈው እንዲያመጡልኝ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይሥቃሉ፤ ያመጣሉ ግን። በዚህ ረገድ ከሌሎች መምህራን ዘንድ የተሻለ ዘዴ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ወደዚያች የኩታበር ልጅ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. በማታ ክፍል አንዲት ሴት ከፊት ተቀምጣ አየሁ። ፋብሪካ እንደምትሠራና ሁለት ልጆች እንዳሏት በኋላ ሰማሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ቀርባ «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። አላወቅኋትም ነበር። የት እንደ ተማረች ስትነግረኝ ግን መዳፌን ዘርግቼ የቆምሁበት ቀን መጣብኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ፣ በምትኩ «ያን ጊዜ ልትጠይቂኝ የነበረው ምን ነበር?» አልኋት። ትረሳዋለች ብዬ ነበር። አልረሳችም። «ድንጋይ ወደ ላይ ሲወረወር ጫፍ ላይ ይቆማል ተብሎ ነበር፤ ከቆመ ለምን ይመለሳል? ለምን እዚያው አይቀርም?» አለች።

ይህ ጥያቄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። ማታ ስለ መሸና ሰርቪሱ ስለሚያመልጣት በዚያው አላስረዳኋትም፤ ቤቴ ገብቼ በድምፅ ቀረጽሁት። ያልሁት ባጭሩ እንዲህ ነው። የሚቆመው የድንጋዩ ፍጥነት ነው እንጂ የመሬት ስበት አይደለም። ስበቱ የድንጋዩን ፍጥነት በየሴኮንዱ በ9.8 ሜትር በሴኮንድ ይለውጠዋል። ጫፍ ከመድረሱ አንድ ሴኮንድ በፊት ድንጋዩ ወደ ላይ በ9.8 ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ዜሮ ነው፤ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ወደ ታች በ9.8 ይመጣል። ለውጡ በሁለቱም ሴኮንድ እኩል ነው፤ ጫፉ ላይም አላረፈም። በዚያች ቅጽበት ስበቱም ቢያርፍ ኖሮ ድንጋዩ እንዳልሽው እዚያው ይቀር ነበር። ይህን ሁሉ ለመናገር አራት ደቂቃ ፈጀ። በ1999 ዓ.ም. ይህን ያህል ጊዜ አልነበረኝም፤ ወይም ያልነበረኝ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ በሚሞሪዋ ላይ ጫንሁላት። ሰርቪስ ውስጥ ሰምታው ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ገና ሳልቀመጥ ከጨርቅ መለያ ወረቀት ጀርባ ላይ የጻፈችውን ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፤ «ቲቸር፣ ገባኝ። ታዲያ መሬት ድንጋዩን የምትጎትተው ከሆነ፣ ድንጋዩስ መሬትን ይጎትታል ወይ?» ይህን በድምፅ አልመለስሁትም። ሰሌዳ ስለሚፈልግ ለክፍሉ ሁሉ አነበብሁትና ጠመኔውን አነሣሁ።